«ማን ወደደው?»፦ ውዴታና ውድነት በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

ማሻ ከተማ ለክረምት ተማሪዎች የአማርኛ ልብ ወለድ አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ አፉን በሸኪኖኖ የፈታ አንድ ተማሪ ያነሣብኝ ጥያቄ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኗል። ማሻ ደጋ በመሆኗ ከቡናዋ ይልቅ ስሟ የሚነሣው በጫካ ማሯ ነው፤ ቡናው የሚበዛው ወደ ቴፒ ሲወርዱ ነው። ያም ሆኖ የዚያ ሰሞን የከተማው ወሬ ሁሉ «ቡና ተወደደ» የሚል ነበር። ተማሪው «መምህር፣ ቡናው ተወደደ ሲባል ማን ወደደው ማለት ነው?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ መልስ ግን አልነበረኝም።

አፋችንን በአማርኛ የፈታን ሰዎች ይህን ልብ አንለውም። «ወደደ» ከሚለው ግስ «ውዴታ»ም «ውድነት»ም ይወጣሉ። «ተወደደ» ለሰው ሲነገር ተፈቀረ፣ ለዕቃ ሲነገር ዋጋው ናረ ማለት ነው። «ረከሰ» ደግሞ ዋጋው ወረደ ማለትም፣ ንጽሕናውን አጣ ማለትም ነው። የነገርን ዋጋ የፈላጊው ልብ ይተምነዋል የሚል ሥርዐት በቋንቋው ውስጥ ተቀምጧል ማለት ይቻላል። ይህ ሥርዐት በገበያ ላይ እንዲህ ጥርት ብሎ አይሠራም። ገዢ መውደዱ ብቻ አይበቃውም፣ የሚከፍለው ሊኖረው ይገባል፤ የቡናንም ዋጋ የኒውዮርክ ገበያ እንጂ ቀይ እሸት የምትለቅመው ሴት ልብ አይተምነውም። ሥርዐቱ ተፈትኖ የሚታየው በልብ ወለድ ዓለም ነው። ለዚህም በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ጥሩ ማሳያ ይመስለኛል።

በመጀመሪያ የበዛብህን እናት ስም እንመልከት፤ ውድነሽ በጣሙ። ይህን ስም የተሸከመችው ሴት ባሎቿ እየሞቱባት ሰው «ገፊ» ብሎ የሸሻት ናት። ስሟ ውድ ነሽ ይላታል፤ የሚወድዳት ግን የለም። ቦጋለ መብራቱ ሲፈልጋት ብቻ ስሟ እውነት ሆነ። ደራሲው ይህን አስበው ያደረጉት አይደለም የሚል ካለ፣ የሌሎቹንም ገጸ ባሕርያት ስሞች አንድ በአንድ ይመርምር።

በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ያለው ሚዛን ሌላ ነው። እዚያ ሰው የሚመዘነው በአጥንቱ ነው፤ ሰብለ ወንጌልም ከመወደዷ የተነሣ የሚመጥናት ታጥቶ እቤት ቀርታለች። ስለዚህ ሚዛን ጉዱ ካሳ ብዙ ስለ ተናገረ፣ ተመራማሪዎቻችንም እሱን ተከትለው ብዙ ስለ ጻፉ፣ እኔ አልጨምርበትም።

እኔን የሚያሳስበኝ ስለቱ ነው። የበዛብህ ወላጆች ልጃቸው እንዳይሞትባቸው ፈርተው፣ ከተረፈላቸው ሳያገባ እግዚአብሔርን እያገለገለ እንዲኖር ይሳላሉ። ተሳይ የሚሰጠውን የሚወስነው የሚለምነውን በወደደበት መጠን ነው፤ ዋጋን ውዴታ የሚተምንበት ከዚህ የጠራ ሥርዐት አላውቅም። እነሱ ግን ለልጃቸው ሕይወት የሰጡት ከብት ወይም ጃንጥላ ሳይሆን ያንኑ ሕይወት ነው። የወደዱት እነሱ፣ ከፋዩ ልጁ። አድጎ ሰብለን ሲወድድ፣ የሚሰጣት ራሱ ገና በሕፃንነቱ ተከፍሎ አልቋል። ልብ ወለዱን የባላባት ሥርዐት ሁለት ወጣቶችን የገደለበት ታሪክ አድርጎ ማንበብ ተለምዷል። አልሳሳትም ብዬ ባልደፍርም፣ ይህ ንባብ ጎደሎ ነው እላለሁ። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን የከለከሉት በትዕቢት ነው፤ ቦጋለና ውድነሽ ግን ልጃቸውን ያሰሩት በፍቅር ነው። ትዕቢትን መቃወም ይቻላል፤ በዛብህ በእናቱ ፍቅር ላይ ምን ብሎ ይነሣል?

ይህን ሁሉ በማግሥቱ ለክፍሉ ተናገርሁ። አብዛኞቹ ታሪኩን በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ያውቁት ስለ ነበር ክርክሩ ደመቀ። ያ ተማሪ ግን ዝም አለ። መልሱን ያገኘሁት በፈተና ወረቀቱ ላይ ነው። ስለ በዛብህ ጠይቄው ስለ አባቱ ጻፈልኝ፦ አባቱ ቀፎ ሊሰቅል ረጅሙን ዛፍ በገመድ ሲወጣ ማሩ ገና አልተወደደም፤ ወድቆ ቢሞት ኖሮ ማሩን ወደፊት የሚወድደው ሰው ዋጋው ቀድሞ መከፈሉን አያውቅም ነበር። «በዛብህም እንዲሁ ነው» ብሎ ጨረሰ። እኔም «ከጥያቄው ውጭ» ብዬ በቀይ ጽፌ ሁለት ነጥብ ቀነስሁበት። ወረቀቱ ዛሬም በእጄ አለ።