የብዙ በሮች አንድ አዛዥ

የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ኮምፒውተር መረብ ምን አገባው? የሚለኝ ጓደኛ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። በተለይ የኤንጂኔሪንግ ጓደኞቻችን በዚህ ጉዳይ ላይ ብዕር የማንሣት መብት ያለን አይመስላቸውም። ነገሩን ጥቂት ከመረመርሁት በኋላ ግን የተረዳሁት፣ ፋየርዎል የማስተዳደር ሥራ እኩሌታው የመሣሪያ፣ እኩሌታው የአስተዳደር ጉዳይ መሆኑን ነው። ማን ያዛል? ትእዛዙ እስከ የት ይደርሳል? ሲሳሳትስ ማን ያርመዋል? እነዚህ ጥያቄዎች እኛም በየክፍላችን የምንማራቸው ናቸው። ስለዚህ ይቅርታ ሳልጠይቅ ወደ ነገሩ እገባለሁ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ፋየርዎል ማለት ምን እንደ ሆነ እንይ። ቃሉ በጥሬው የእሳት ግድግዳ ማለት ሲሆን የተወሰደውም ከሕንፃ ሥራ ነው፤ በአንዱ ክፍል የተነሣ እሳት ወደ ሌላው እንዳይዛመት የሚያግድ ግድግዳ ነው። የኮምፒውተሩ ፋየርዎል ግን ይበልጥ የሚመስለው የግቢ በር ዘበኛን ነው። ዘበኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መታወቂያ ይጠይቃል፣ ቦርሳ ይፈትሻል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ለምን እንደ ሆነ ሳይነግረን ይመልሰናል።

በኔትወርክ ላይ የሚጓዝ መልእክት ሁሉ በትንንሽ ጥቅሎች ተከፋፍሎ ይሄዳል። እያንዳንዱ ጥቅል ከየት እንደ መጣ፣ ወዴት እንደሚሄድና የትኛውን አገልግሎት እንደሚፈልግ በላዩ ተጽፎበታል። አገልግሎቱ የሚታወቀው ፖርት በሚባል ቍጥር ነው፤ ለምሳሌ ድረ ገጽን በተመሰጠረ መንገድ ለማንበብ 443፣ ኢሜይል ከአንዱ አመላላሽ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ለማስተላለፍ 25 ነው። ፋየርዎሉ ይህን ያነብና በእጁ ካለው የደንብ ዝርዝር ጋር ያስተያየዋል። ዝርዝሩን የሚያነበው ከላይ ወደ ታች ነው። የሚስማማ ደንብ እንዳገኘ፣ ደንቡ እንዳለው ወይ ያሳልፋል ወይ ይከለክላል፤ ከዚያ በታች ያለውን አያይም። አንድም የሚስማማ ካጣ፣ እንደ ተለመደው አሠራር፣ ይከለክላል።

ይህ «ከላይ ወደ ታች» የሚባለው ነገር ቀላል ይምሰል እንጂ ጣጣው ብዙ ነው። በ12ኛው መስመር «ከቤተ መጻሕፍት የሚመጣ ሁሉ ወደ ፈለገበት ይለፍ» ተብሎ ቢጻፍና በ40ኛው መስመር «ከቤተ መጻሕፍት ወደ ፈተና ውጤት መዝገብ ማንም አይለፍ» ቢባል፣ 40ኛው ደንብ በወረቀት አለ እንጂ በሥራ የለም። ዘበኛው በ12ኛው አሳልፎ ጨርሶአልና። የሕግ ፋኩልቲ ጓደኞቼ እንዲህ ያለውን አንቀጽ ምን ብለው እንደሚጠሩት እነርሱ ያውቃሉ። አቪሻይ ዎል የተባለ ተመራማሪ በ2004 ባሳተመው ጥናት፣ ከልዩ ልዩ ድርጅቶች የተሰበሰቡ 37 የፋየርዎል ደንብ ዝርዝሮችን መርምሮ ነበር። ትንሹ ዝርዝር 5 ደንብ ብቻ ሲኖረው ትልቁ 2,671 ነበረው። አብዛኞቹ ከባድ ስሕተት ተገኘባቸው፤ ዝርዝሩ በተወሳሰበ መጠንም ስሕተቱ ይበዛ ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የአንድ በር ጣጣ ነው።

አሁን አንድ ስድስት ግቢ ያለው ዩኒቨርሲቲ አለ እንበል። በእያንዳንዱ ግቢ በር ላይ አንድ ፋየርዎል ተተክሎአል። በቀድሞው አሠራር ባለሙያው በየተራ ወደ ስድስቱም እየገባ፣ ያንኑ ደንብ ስድስት ጊዜ በእጁ ይጽፋል። በደኅናው ቀን ይህ አሰልቺ ነው ቢባል እንጂ ሌላ ነቀፋ የለውም። በክፉው ቀን ግን እንዲህ አይደለም። በ2017 ሜይ 12 ቀን ዋናክራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም በዓለም ላይ ሲዛመት፣ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዘልለው በ445 ፖርት በኩል ነበር። ምክሩ አጭር ነበር፤ ይህን ፖርት ከውጭ ዝጉ የሚል። አምስቱን ዘግቶ ስድስተኛውን ለነገ ያሳደረ ባለሙያ፣ አምስቱን መዝጋቱ ብዙ አይረዳውም። ሌባው የትኛው በር እንደ ተረሳ እየዞረ የሚሞክር መሣሪያ አለውና።

ማዕከላዊ አስተዳደር የመጣው ከዚህ ችግር የተነሣ ነው። በ1993 እስራኤል አገር የተመሠረተው ቼክ ፖይንት የተባለ ኩባንያ፣ ፋየርዎል ዋን የሚባለውን ሥራውን ሲያዘጋጅ ነገሩን በሦስት ከፈለው፤ ደንቡ የሚጻፍበት መስኮት፣ ደንቡ የሚቀመጥበት ማዕከል፣ ደንቡ የሚፈጸምበት በር። ስቲቨን ቤሎቪን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ደግሞ በ1999 ባወጣው ጽሑፍ ከዚህ አልፎ ሄደ። በሩ ከግቢው ጫፍ ተነሥቶ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ይሁን፤ ደንቡ ግን ከአንድ ቦታ ይጻፍ አለ። ያን ጊዜ ሐሳብ ብቻ ይመስል ነበር፤ ዛሬ ብዙ ድርጅቶች የሚሠሩበት መንገድ ሆኖአል።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንድናየው ፓሎ አልቶ ኔትወርክስ የተባለው ኩባንያ የሚያቀርበውን ፓኖራማ የተባለ አስተዳዳሪ እንውሰድ። አስተዳዳሪው ራሱ አንድ ኮምፒውተር ነው፤ በሮቹ ሁሉ ከእርሱ ጋር በተመሰጠረ መስመር ይገናኛሉ። በመጀመሪያ ነገሮች ስም ይሰጣቸዋል። በየደንቡ ውስጥ «10.20.0.0» እያሉ የአድራሻ ቍጥር በመደርደር ፈንታ «ቤተ መጻሕፍት» ተብሎ አንድ ጊዜ ይሰየማል። ቤተ መጻሕፍቱ ወደ ሌላ ሕንፃ ቢዛወር የስሙ ትርጉም በማዕከሉ አንድ ጊዜ ይለወጣል፤ ስሙን የሚጠቅሱት ደንቦች በሙሉ ከዚያ ጋር ይለወጣሉ።

ቀጥሎ በሮቹ በቡድን ይደለደላሉ፤ ቡድን በቡድን ሥር እየሆነ እስከ አራት ደረጃ ሊወርድ ይችላል። የላይኛው ቡድን ደንብ ለታችኞቹ ይወርሳቸዋል። እኔን ከሁሉ ይልቅ የማረከኝ ግን የደንቡ አቀማመጥ ነው። ማዕከሉ የሚያወጣው ደንብ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ከሁሉ በፊት የሚነበብ፣ ሌላው ከሁሉ በኋላ የሚነበብ። በሁለቱ መካከል የግቢው ባለሙያ የራሱን ደንብ የሚጽፍበት ቦታ ይተዋል። በሩ የሚያነበው ከላይ ወደ ታች መሆኑን እናስታውስ። እንግዲህ ማዕከሉ «ይህ በፍጹም አይሆንም» የሚለውን ከላይ ያስቀምጣል፤ ግቢው ለሕክምና ቤተ ሙከራው ወይም ለእርሻ ጣቢያው የሚያስፈልገውን በመካከል ይጽፋል፤ ማንም ያልተናገረለት ነገር ምን እንደሚሆን ማዕከሉ ከታች ይወስናል። ስለ ማዕከላዊና ስለ አካባቢ ሥልጣን በክፍላችን ሰዓታት ስንከራከር፣ ኤንጂኔሮቹ በሦስት ንጣፍ ዝርዝር ገላግለውታል። እርግጥ ነው፣ የመካከሉ ቦታ ምን ያህል ሰፊ እንደሚሆን የሚወስነው ያው ማዕከሉ ነው። ይህንንም መዘንጋት አይገባም።

በመጨረሻም ደንብ መጻፍና ደንብ ማስፈጸም ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ባለሙያው ጽፎ በማዕከሉ ያጸድቃል፤ ከዚያ በኋላ ለብቻው ወደ በሮቹ ይልካል። በሁለቱ መካከል ሌላ ሰው እንዲያነበው ማድረግ ይቻላል። ማዕከሉ ራሱ ቢበላሽ ወይም መስመሩ ቢቋረጥ በሮቹ ሥራ አያቆሙም፤ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዘው ይቀጥላሉ፤ የሚቀርባቸው አዲስ ትእዛዝ ብቻ ነው።

እስከዚህ ድረስ ማዕከላዊነትን ያመሰገንሁ መስሎአችኋል፤ በእርግጥም አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ ስድስት ጊዜ ከመጻፍ ያዳነን መሣሪያ፣ አንዱን ስሕተት ስድስት ቦታ የሚያደርሰውም እርሱ ነው። ስድስት ቀርቶ በመላው ዓለም የደረሰበት ጊዜ አለ።

ክላውድፍሌር የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በብዙ አገሮች ከተሞች ኮምፒውተሮችን ተክሎአል፤ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ድረ ገጾችም በእርሱ በር በኩል ይስተናገዳሉ። ከአገልግሎቶቹ አንዱ ለድረ ገጾች የተሠራ ፋየርዎል ነው፤ ይህ ዓይነቱ አድራሻውን አይቶ አያበቃም፣ የመልእክቱን ይዘት ጭምር ያነባል። በ2019 ጁላይ 2 ቀን አንድ መሐንዲስ አዲስ ደንብ አወጣ። ደንቡ ለሙከራ የወጣ ስለ ነበር ማንንም እንዲያግድ አልታዘዘም፤ አንብብ፣ መዝግብ፣ አሳልፍ የሚል ነበር። ነገር ግን በውስጡ የነበረችው የቃላት መፈለጊያ ቀመር በደንብ ያልተጻፈች ስለ ሆነች፣ አንዲቱን መልእክት አንብቦ ለመጨረስ ኮምፒውተሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተመላለሰ ኀይሉን ሁሉ ይጨርስ ነበር። ማገዱ ቢቀር ማንበቡ ብቻ በቂ ጥፋት ሆነ።

ኩባንያው ሌላውን ፕሮግራሙን የሚያወጣው በደረጃ ነበር፤ መጀመሪያ በራሱ ሠራተኞች ላይ፣ ቀጥሎ በጥቂት ደንበኞች ላይ፣ ከዚያ በኋላ በዓለም ሁሉ። የፋየርዎል ደንብ ግን አዲስ አደጋ ሲመጣ በቶሎ መድረስ አለበት ተብሎ ከዚህ ሥርዓት ነፃ ነበር፤ በጥቂት ሰከንዶች በየአገሩ ይሰራጫል። ያን ቀንም እንዲሁ ተሰራጨ። የድረ ገጽ አገልግሎት የሚሰጡት ኮምፒውተሮች በየአገሩ በአንድ ጊዜ ተጨናነቁ፤ የሚያስተናግዱት ጉዞ በክፉው ሰዓት እስከ 82 በመቶ ወረደ። ጭንቁ 27 ደቂቃ ቆየ። የሚገርመው ደግሞ፣ ሠራተኞቹ ወደ ገዛ መቈጣጠሪያቸው ለመግባት ተቸገሩ፤ መግቢያው የሚያልፈው በዚያው በታመመው ኔትወርክ ነበርና። በመጨረሻ የድረ ገጹን ፋየርዎል በመላው ዓለም በአንድ ትእዛዝ አጠፉት፤ አገልግሎቱም ወዲያው ተመለሰ። በሽታውን በሰከንድ ያደረሰው መንገድ መድኃኒቱንም በሰከንድ አደረሰው ማለት ነው። በየከተማው እየዞሩ የሚያጠፉት ቢሆን ኖሮ ነገሩ በ27 ደቂቃ ባላለቀ ነበር።

ሁለተኛው አደጋ ከስሕተት አይመጣም። የበሮቹ ሁሉ አዛዥ አንድ ከሆነ፣ ጠላት በሮቹን ትቶ አዛዡን ይፈልጋል። ፎርቲኔት የተባለው ኩባንያ ፎርቲማኔጀር የሚባል ማዕከላዊ አስተዳዳሪ አለው። በ2024 ኦክቶበር 23 ቀን ኩባንያው፣ ይህ አስተዳዳሪ የላኪውን ማንነት ሳያረጋግጥ ትእዛዝ የሚቀበልበት ቀዳዳ እንደ ተገኘበት ይፋ አደረገ። የክብደቱ መጠን ከ10 9.8 ተባለ። ማንዲያንት የተባለው መርማሪ ድርጅት እንደ ገለጸው፣ አጥቂዎች ከዚያው ዓመት ከጁን 27 ቀን ጀምረው ሲጠቀሙበት ነበር። የወሰዱትም በማዕከሉ ሥር ያሉትን ፋየርዎሎች ዝርዝር አቀማመጥ፣ የተጠቃሚዎችን ስምና የተመሰጠረ የይለፍ ቃላቸውን ነው። እንግዲህ አዛዡን ራሱን በሌላ በር ውስጥ ማስቀመጥ፣ ከኢንተርኔት በቀጥታ እንዳይደረስበት ማድረግ፣ ከጥቂት የታወቁ ኮምፒውተሮች በቀር ማንም እንዳያናግረው መከልከል ግዴታ ነው። ብዙ ቦታ ይህ የሚታሰበው በመጨረሻ ነው፤ ዘበኞቹን የሚያዝዝ ሰው ራሱ ዘበኛ አያስፈልገውም የሚል የቈየ ልማድ ይመስለኛል።

በእኔ አስተያየት ማዕከላዊ አስተዳደር ይበጃል፤ የሚበጀው ግን ፍጥነቱ ልጓም ሲኖረው ነው። የጻፈውና የላከው አንድ ሰው አይሁን። ስድስት ግቢ ካለ ደንቡ መጀመሪያ ወደ አንዱ ይሂድ፤ አንድ ቀን ይደርበት፤ ከዚያ ወደ አምስቱ። መመለሻውም ከመላኩ በፊት ይዘጋጅ። ጁኒፐር የተባለው ኩባንያ በመሣሪያዎቹ ላይ ለዚህ አንድ ብልሃት አኑሮአል። ባለሙያው አዲሱን ደንብ በሁኔታ ያጸድቀዋል፤ ሌላ ጊዜ ካልተወሰነለት በ10 ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ «አዎ፣ ይቆይ» ካላለ፣ መሣሪያው በራሱ ወደ ቀድሞው ደንብ ይመለሳል። በገዛ ደንቡ ራሱን ከውጭ የዘጋ ባለሙያ ማድረግ ያለበት ተቀምጦ 10 ደቂቃ መጠበቅ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኛን ተማሪዎችን የሚነካን የትኛው ነው? የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ጓደኛችን በሌሊት የውጭ አገር ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ ሲከፍት «ተከልክሎአል» የሚል ጽሑፍ ቢያገኝ፣ ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም። በቀድሞው አሠራር የሚጠየቀውም ሰው መልሱን ላያውቅ ይችል ነበር። በማዕከላዊው አሠራር ግን በሮቹ ያገዱትንና ያሳለፉትን መዝገብ ወደ አንድ ቦታ እንዲልኩ ማድረግ ይቻላል። በመዝገቡም ላይ የትኛው ደንብ እንዳገደ ይታያል፤ ደንቡን ማን መቼ እንደ ለወጠውም በማዕከሉ የለውጥ መዝገብ ይገኛል። ስለዚህ «ኮምፒውተሩ ከለከለ» የሚለው መልስ እንዲህ ባለው ቦታ መልስ ሊሆን አይችልም።

ለተማሪዎች ማኅበር ምክር ቤት የማቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው። የኮምፒውተር ክፍሉን፣ ለታገደ ገጽ ማመልከቻ የሚቀበል አንድ ሰው እንዲመደብና ለምን እንደ ታገደ በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲመልስ እንጠይቅ። ደንቦቹን በሙሉ ያሳዩን ማለቴ አይደለም፤ ያማ ለሌባው የቤቱን ካርታ መስጠት ይሆናል። አመልካቹም ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የገጹን አድራሻና የተጠቀመበትን ኮምፒውተር ቢጽፍ ይበቃል፤ በእነዚህ አራት ነገሮች ባለሙያው መስመሩን ከመዝገቡ ሊያወጣው ይችላል።