ክረምት ሲገባ የግብርና ተማሪው የት ነው?

ሰኔ ሲገባ የአርሶ አደሩ ቤት ፋታ የለውም። ሞፈርና ቀንበር ይሰናዳል፤ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ይወጣል፤ የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ከማሳ ማሳ ይመላለሳል። በመደበኛው የትምህርት ካላንደር ግን የግብርና ተማሪው በዚያው ሰሞን ፈተናውን ጨርሶ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ቤተሰቡ ይጓዛል። መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ ሲመለስ የበቆሎው ኩትኳቶና የጤፉ አረም አልፏል። የሚደርሰው ለአጨዳና ለውቂያ ነው። በዚህ አኳኋን ሦስትና አራት ዓመት ተምሮ አንድ የመኸር ሰብል እንኳ ከዘር እስከ ጎተራ ሳይከታተል የሚመረቅ ወጣት ቢገኝ የሚደንቅ አይሆንም።

የትምህርት ተቋማትና ቀጣሪዎች ተቀናጅተው ይሥሩ ሲባል ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነሳው የመግባቢያ ሰነድ ነው። ሰነዱ አይጠላም። በግብርና ግን ጉዳዩ ከፊርማው በፊት የወቅት ጉዳይ ነው።

ቀደም ሲል ክፍተቱ እምብዛም ጎልቶ አይታይም ነበር፤ ቀጣሪው አንድ ነበርና። በ1990ዎቹ 25 የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ወደ ሥራ ሲገቡ ዓላማቸው ለእያንዳንዱ ቀበሌ በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት የሠለጠኑ ሦስት የልማት ሠራተኞችን ማድረስ ነበር። አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥም ከ60 ሺህ በላይ ወጣቶች ሠልጥነው ወጡ። ተመራቂው ወደ ቀበሌ ይመደብ ስለነበር፣ ኮሌጁ ምን ዓይነት ሠራተኛ ትፈልጋላችሁ ብሎ የቀጣሪዎችን በር ማንኳኳት አላስፈለገውም።

ዛሬ ሁሉም ተመራቂ በመንግሥት ይቀጠራል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ዩኒየኑ፣ የዶሮ እርባታው፣ የወተት ማቀነባበሪያው፣ ኮምባይነር የሚያከራየው ባለሀብት ሁሉ ቀጣሪ ሆነዋል። ቡሬን ለአብነት መውሰድ ይቻላል። ከተማዋ የግብርና ኮሌጅ አላት፤ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክም አላት። ጉርብትናው ጥሩ ነው፤ ግን ብቻውን ሠራተኛ አያወጣም። ፋብሪካ በቆሎ ሲረከብ በጆንያው በር ቆሞ የእህሉን እርጥበት በመሣሪያ የሚለካ ሰው ይፈልጋል። እርጥበቱ ከ13 በመቶ ብዙ ካለፈ እህሉ መጋዘን ውስጥ ይሻግታል፤ ኪሳራውም ከገዥው አልፎ ወደ አርሶ አደሩ ዋጋ ይመለሳል። ይህን ልኬት ተማሪው በቃል ሊያውቀው ይችላል። ሚዛኑ ላይ ተሰልፎ ከሚጠብቅ ሻጭ ፊት፣ እህልህ አልደረቀም ብሎ በትሕትና መመለስን ግን ከመጽሐፍ አያገኘውም።

የማዳቀል ሥራም እንዲሁ ነው። ጠዋት ድራት የታየባት ላም ማታ፣ ማታ የታየባት ደግሞ በማግስቱ ጠዋት መዳቀል እንዳለባት ሁሉም የእንስሳት ሳይንስ ተማሪ ያውቃል። ላሟ ግን የቢሮ ሰዓት አታውቅም። የድራት ምልክት በብዛት የሚታየው ሌሊትና ንጋት ላይ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ገብቶ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል የሚወጣ ተለማማጅ ከወተት አምራቹ በረት ካላደረ ሙያውን ግማሹን ብቻ ይዞ ይመለሳል። አንድ የማዳቀያ ዕድል ካለፈ ቀጣዩ የሚመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ባለላሟ ይህን ጊዜ የምትቆጥረው በወተት ነው።

ስለ ዋግ ደግሞ አርሶ አደሩ ይመሰክራል። በ2003 ዓ.ም ምርት ዘመን ቢጫ ዋግ ኩብሳ በተባለው የስንዴ ዝርያ ላይ፣ በ2006 ደግሞ ግንድ ዋግ ዲገሉ በተባለው ላይ ከባድ ጉዳት አድርሰዋል። ሁለቱም በመጀመሪያ ቀናት ካልታዩ መድኃኒቱ አይደርስላቸውም። ቅጠሉ ላይ በመስመር የተደረደረውን ቢጫ ብናኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ከተቀጠረ በኋላ የሆነ ባለሙያ፣ አሰሳውን የሚማረው በአርሶ አደሩ ማሳ ኪሳራ ነው።

ለዚህ የሚሆን አገር በቀል ልምድ የለም ማለት አይደለም። የዛሬው ሐረማያ፣ የያኔው ዓለማያ ዩኒቨርሲቲ በ1989 ዓ.ም ከሳሳካዋ ጋር በመተባበር በሥራ ላይ ላሉ የግብርና ባለሙያዎች የዲግሪ መርሐ ግብር ከፍቷል። ገቢዎቹ ዲፕሎማ ይዘው በወረዳና በቀበሌ ያገለገሉ፣ መሥሪያ ቤታቸው የላካቸው ባለሙያዎች ናቸው። የመርሐ ግብሩ እምብርት ከክፍል ውጪ ያለው ሥራ ነው። ሠልጣኙ ከአካባቢው አርሶ አደሮችና ከመሥሪያ ቤቱ ጋር መክሮ አንድ ችግር ይመርጣል፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዕቅድ ያወጣለታል፤ ከዚያ ወደ ሥራ ቦታው ተመልሶ ለወራት ይተገብረዋል። መምህሩ ድረስ ሄዶ ይጎበኘዋል፤ የቅርብ ኃላፊውም ይከታተለዋል። ሠልጣኙ ያገኘውን ውጤት ይዞ ለመመረቅ ይመለሳል። አሠራሩ ወደ ሌሎች የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎችም ተስፋፍቷል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ችግሩን የመረጠው ማን እንደሆነ ነው። መምህሩ ብቻውን አልመረጠም፤ ቀጣሪውና አርሶ አደሩ ገብተውበታል። መምህሩም ማሳ ላይ ሲቆም ያስተማረው ነገር የት እንደሚሠራና የት እንደማይሠራ ያያል፤ ለቀጣዩ ዓመት ተማሪዎች የሚያዘጋጀውን ትምህርት ለማስተካከል ከዚህ የተሻለ ምክንያት አያገኝም።

ለወጣት ተማሪዎች የትብብር ሥልጠና በአገሪቱ የቴክኒክና ሙያ አሠራር ውስጥ ከተካተተ ቆይቷል። የሚበላሸው አፈጻጸሙ ላይ ነው። ተለማማጁ ደብዳቤ ይዞ ወረዳ ይደርሳል፤ የሚመራው ባለሙያ በስም አልተመደበለትም፤ ወንበር ይሰጠዋል፣ ሪፖርት ይገለብጣል፣ ወሩ ሲያልቅ ማኅተም ተመቶለት ይሄዳል። ባለሀብቱም ማሽኔን ያበላሽብኛል ብሎ ይሰጋል፤ ስጋቱ መሠረት አለው፤ ጀማሪ እጅ የነካው ኮምባይነር ከማበላሸትም አልፎ ስንዴ ማሳ ላይ ይበትናል። ስለዚህ ማን ከማን ጋር እንደሚውል፣ ምን እንደሚነካና ምን እንደማይነካ አስቀድሞ በጽሑፍ መለየት አለበት። ኮምባይነሩን ለመንዳት ገና ከሆነ ከመነሳቱ በፊት ቅባቱንና ቢላውን በመፈተሽ ይጀምር።

ወረዳዎች ቀጣሪ መሆናቸውን የሚዘነጉበት ጊዜ ብዙ ነው። የልማት ሠራተኛውን የሚያሠራው፣ ጉድለቱንም ቀድሞ የሚያየው የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው። ምን እንደጎደለው ጽፎ ለኮሌጁ መላክ ደግሞ ብር አይጠይቅም። ብር የሚጠይቀው የተለማማጁ ማደሪያና መጓጓዣ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዘር የሚዘራውም በዚያው ሰሞን ነው። ኮሌጁ ስንት ተማሪ፣ በየትኛው ቀበሌ፣ ከየትኛው ባለሙያ ጋር እንደሚውል የሚገልጸው ደብዳቤ የወረዳው ዕቅድ ሳይዘጋ ግንቦት ላይ ጠረጴዛው ላይ መገኘት ይኖርበታል።