የእንጦጦ ፀሐይና የድመት ጆሮ

ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡባት እንጦጦ ማርያም ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ብርዱ የታወቀ ነው፤ ድመት ደግሞ ብርድ አትወድም። ረፋዱ ላይ ቆርቆሮ ወይም ካብ ላይ ተጋድማ ፀሐይ ትሞቃለች። ችግሩ የደጋ ፀሐይ ብርቱ መሆኑ ነው፤ በየ1000 ሜትሩ ሽቅብ ቆዳ የሚጎዳው የአልትራቫዮሌት ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል።

ጥቁሯን ድመት ብዙም አይነካት። ነጭ ጆሮ ያላት ግን መጀመሪያ የጆሮዋ ጫፍ ይቀላል፣ ፀጉሩ ይሳሳል፣ ከዚያ ቅርፊት ያወጣል። ባለቤቱ «ተቧጭራ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ቅርፊቱ ይረግፋል፣ ይደማል፣ መልሶ ይደርቃል፤ በወራት ውስጥ የጆሮው ጠርዝ እየተበላ ይሄዳል። ይህ የቆዳ ካንሰር ነው፤ አፍንጫና የዐይን ቆብ ላይም ይወጣል። በጊዜ ከተደረሰበት የጆሮውን ቅጠል ቆርጦ ማዳን ይቻላል። መስማቷንም አታጣም።

የድመት ቁስል ሁሉ ግን ካንሰር አይደለም። በብዛት የሚታየው የጠብ ቁስል ነው፤ ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ይባል የለ! የድመት ክራንቻ ቀጭንና ሹል ስለሆነ የወጋው ቀዳዳ ቶሎ ይደፈናል፣ ተህዋሲያኑ ግን ከውስጥ ይቀራሉ። ከቀናት በኋላ ያብጥና ይፈነዳል፣ መግል ይወርዳል። ቦታውም ይናገራል፦ ፊትና የፊት እግር የተነከሰች ተጋፍጣለች፤ ጭራዋ ሥር የቆሰለች ስትሸሽ ተይዛለች። የላይኛው ከንፈር ላይ የሚወጣው ሕመም የሌለው ቁስል ደግሞ ብዙውን ጊዜ አለርጂ ነው፤ አንዱ መነሻው ቁንጫ።

በዐይን ብቻ መፍረድ ያሳስታል። ሐኪሙ ፀጉሩን ላጭቶ የጥርስ ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ከዚያ ንጹሕ መስታወት ቁስሉ ላይ ጫን አድርጎ ያነሣና በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ተህዋሲያን፣ ፈንገስ ወይም የአለርጂ ሴሎች ሊታዩ ይችላሉ። ካንሰር ከጠረጠረ ከቆዳው ጥቂት ቆርጦ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ባለሙያዎቹን ከሚያሠለጥኑት አንዱ ነው።

ሐኪም እስኪያያት ድረስ ቤት ውስጥ የተገኘውን ቅባት አይቀቧት፤ ቅባቱ ምርመራውን ያበላሻል። «ያማታል» ብለው ፓራሲታሞል ከሰጧት ደግሞ አንድ ፍሬ ሊገድላት ይችላል። ሲይዟት ከነከሰችዎ ወይም ከቧጨረችዎ ቦታውን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥበው ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂዱ፦ የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል።