ለቀላል አውሮፕላን አብራሪዎችና አሠልጣኞች፦ ከበረራ በፊት የአየር ሁኔታ መረጃን በአግባቡ ስለ መረዳት

በቀላል አውሮፕላን የሚደረግ በረራ ለአየር ጠባይ እጅግ የተጋለጠ ነው። አብዛኞቹ ቀላል አውሮፕላኖች ከነጎድጓዳማ ዳመና በላይ ወጥተው ለማለፍ የሚያስችል አቅም የላቸውም፤ የአየር ሁኔታ ራዳርም ሆነ የበረዶ መከላከያ አልተገጠመላቸውም። ስለሆነም የአብራሪው ዋነኛ መከላከያ ከመነሣቱ በፊት የሚያነበው መረጃ ነው። በሀገራችን ይህን አገልግሎት የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሚቲዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ ወቅታዊው የአየር ማረፊያ ዘገባ ሜታር፣ ትንበያው ደግሞ ታፍ በሚል ስያሜ ይታወቃሉ።

በቅድሚያ ሊጤን የሚገባው ሰዓቱ ነው። በሁለቱም መረጃዎች ላይ የሚሠፍረው ዓለም አቀፉ የተቀናጀ ሰዓት በመሆኑ፣ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለመለወጥ ሦስት ሰዓት ይቀነስለታል። በትንበያው ከ12:00 ጀምሮ ነጎድጓድ ይጠበቃል ቢባል ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው። ይህንኑ ከምሽቱ 12 ሰዓት አድርጎ የተረዳ ሠልጣኝ ሦስት ሰዓት ዘግይቷል፤ በክረምትና በበልግ ወራት ደግሞ ነጎድጓዳማው ዳመና በደጋው ላይ የሚገነባው በአመዛኙ ከቀትር በኋላ ነው። አሠልጣኞች ሠልጣኙ ሰዓቱን ሲለውጥ ድምፁን አሰምቶ እንዲናገር ቢያደርጉ ስሕተቱ ከመሬት ሳይነሡ ይታረማል።

ሁለተኛው ጉዳይ የአየር እፍጋት ከፍታ ወይም ዴንሲቲ አልቲትዩድ የሚባለው ነው። የቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የመደበኛው ከባቢ አየር ሙቀት 0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የአየር ግፊቱ መደበኛ ሆኖ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ቢደርስ፣ አውሮፕላኑ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለ ያህል ይሆናል። ተርቦቻርጀር የሌለው የፒስተን ሞተር በዚህ አየር ከኃይሉ ከሩብ የሚበልጠውን ያጣል፤ ክንፉም ለመነሣት የሚበቃውን ኃይል የሚያገኘው በከፍተኛ የመሬት ፍጥነት ነው። የመንደርደሪያው ርቀት ይረዝማል፤ ከተነሡ በኋላም ሽቅብ የመውጣት አቅም ይደክማል። በባሕር ዳርቻ ሀገር የሠለጠነ አብራሪ በልማድ ሳይሆን በአውሮፕላኑ የበረራ መመሪያ ሰንጠረዥ ሊመራ ይገባዋል። ማለዳ መነሣት የሚመረጠውም ስለዚሁ ነው።

በዘገባው የሚገለጸው የዳመና ከፍታ የሚለካው ከአየር ማረፊያው እንጂ ከባሕር ወለል ወይም ከተራራ ጫፍ አይደለም። በቦሌ ላይ 3,000 ጫማ የተባለ ዳመና ለጀማሪ በቂ መስሎ ሊታየው ይችላል። ሆኖም ይህ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ በመሆኑ የእንጦጦን አናት ይሸፍናል፤ ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ ተዘግቷል ማለት ነው።

በዕይታ በረራ ደንብ መሠረት ከ10,000 ጫማ ማለትም ከ3,050 ሜትር በታች፣ ቁጥጥር በሚደረግበት የአየር ክልል፣ ቢያንስ 5 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ከፍታ ጀምሮ ደግሞ 8 ኪሎ ሜትር ዕይታ ያስፈልጋል። ከዳመናም በጎን 1,500 ሜትር፣ ወደ ላይና ወደ ታች 300 ሜትር መራቅ ግድ ነው። በሌሎች ሀገሮች ባለ ቀላል አውሮፕላን ብዙም የማይደርስበት ይህ የ10,000 ጫማ ወሰን ከቦሌ ማኮብኮቢያ 700 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ይላል።

የካርቡሬተር በረዶም አይዘነጋ። እርጥበት ባለበት ቀን ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ቢሆንም እንኳ፣ በተለይ ለማረፍ የሞተር ኃይል በሚቀነስበት ጊዜ ሊፈጠር ይችላል። የሙቀቱና የጤዛ ነጥቡ ቁጥሮች በዘገባው ላይ ተቀራርበው ከታዩ ይህ አንዱ ማስጠንቀቂያ ሲሆን፣ ጭጋግም ሊከተል እንደሚችል ያመለክታል።

ታፍ የሚገልጸው አየር ማረፊያውንና ቅርብ አካባቢውን ብቻ ነው። በሁለት አየር ማረፊያዎች መካከል ስላለው ሸለቆና ተራራ አብራሪው ከመነሣቱ በፊት የአየር ማረፊያውን የሚቲዮሮሎጂ ባለሙያ ይጠይቅ፤ መልሱ አጠራጣሪ ከሆነም በረራውን የማስቀረቱ ኃላፊነት የአውሮፕላኑ አዛዥ፣ በሥልጠና በረራም የአሠልጣኙ ነው።