አካል ጉዳተኞች በአይሁድ ማኅበረሰብ፦ ከተረጂነት ወደ ተሳታፊነት

ስለ አካል ጉዳተኞች ሲነሣ ብዙዎቻችን አስቀድመን የምናስበው ርዳታን ነው። በአሜሪካ የሚገኙ የአይሁድ ማኅበረሰቦች ግን ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ሌላ ጥያቄ አንሥተዋል፤ ይኸውም አካል ጉዳተኛው ከጉባኤው ጋር ይቈጠራል ወይስ አይቈጠርም የሚል ነው። ጥያቄው ማንኛውንም የሰበካ ጉባኤ የሚመለከት በመሆኑ የእነርሱን ጉዞ በአጭሩ እናቀርባለን።

«መቈጠር» ስንል እንዲያው ለአነጋገር ያህል አይደለም። በአይሁድ ሥርዓት የማኅበር ጸሎት በሙሉ ለማድረስ ለአካለ መጠን የደረሱ ዐሥር ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ ይህም «ምንያን» ይባላል። የጥንት መምህራን የማይሰማና የማይናገር ሰውን ከሕፃንና ከአእምሮ ሕመምተኛ ጋር በአንድነት መድበው ከትእዛዛቱ ግዴታ ነጻ አድርገውት ነበር። የሚግባባበት መንገድ ስላልነበረ ማስተዋል እንደሌለው ይታሰብ ነበርና። ነጻ መደረጉ ግን ዋጋ ነበረው፤ ግዴታ የሌለበት ሰው ከዐሥሩ አንዱ ሊሆን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2011 «ኮንሰርቫቲቭ» የሚባለው የአይሁድ ክፍል የሕግ ኮሚቴ በምልክት ቋንቋ የሚግባቡ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ከምንያኑ እንዲቈጠሩ ወሰነ። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለው ሰው ቢቀር ጸሎቱ ሊጓደል ይችላል ማለት ነው። በእኛ አመለካከት ከብዙ የርዳታ ፕሮጀክቶች ይልቅ የሚያስደንቀው ይህ ነው።

ሁሉም ግን አልተለወጠም። ኦሪት በጉባኤ የሚነበበው በእጅ ከተጻፈው ጥቅልል ስለሆነ ብሬይል ሊተካው አልቻለም፤ ዐይነ ስውሩ ወደ ንባቡ ተጠርቶ ቡራኬውን ይላል፣ ጥቅልሉን ሌላ ሰው ያነባል። ለጸሎትና ለጥናት የሚሆኑ የብሬይል መጻሕፍትን ግን እ.ኤ.አ. በ1931 በኒው ዮርክ የተመሠረተው የአይሁድ ብሬይል ተቋም ሲያዳርስ ኖሯል።

ከምኵራብ ውጭ ካሉት መርሐ ግብሮች ቀደምት የሆነው «ቲክቫህ» ነው፤ ትርጓሜው ተስፋ ነው። ኸርብ እና ባርባራ ግሪንበርግ የተባሉ ባልና ሚስት መምህራን እ.ኤ.አ. በ1970 በራማ የክረምት ካምፕ ጀመሩት። የእድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ከሌሎቹ ጋር አብረው እንዲከርሙ ሲጠየቅ፣ የካምፑ ሥርዓት ይታወካል፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን ያስወጣሉ የሚል ሥጋት ተነሣ። (ይህን ሥጋት እኛም በየስብሰባው እንሰማዋለን።) አንድ ካምፕ ደፍሮ ተቀበላቸው፤ ዛሬ መርሐ ግብሩ በልዩ ልዩ የራማ ካምፖች ይካሄዳል፤ ወጣቶቹ ሲያድጉም በዚያው የሥራ ልምምድ ያደርጋሉ።

እ.ኤ.አ. በ1994 በሚሺጋን የተጀመረው «የወዳጅነት ክበብ» ደግሞ አሠራሩ ቀላል ነው። በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ሁለት ሁለት ሆነው ልዩ ፍላጎት ወዳለው ልጅ ቤት በየሳምንቱ ይሄዳሉ፤ አብረው ይጫወታሉ። ልጁ ባልንጀራ ያገኛል፤ እናቱም ጥቂት ታርፋለች። የወጣቶቹ ጽናት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ስለ ሕንፃም አንድ ነገር እናክል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ የሃይማኖት ተቋማትን ከሕዝብ መገልገያ ግዴታዎቹ ነጻ አድርጓል፤ እዚህም እንደገና ነጻ መደረግ አለ። ስለዚህ በምኵራብ ደጃፍ የተዳፋት መወጣጫ ቢሠራ በአብዛኛው ጉባኤው ራሱ ፈቅዶ ነው። ነገር ግን በደጃፉ መወጣጫ ሠርቶ ኦሪት ወደሚነበብበት ሰገነት የሚያደርሱትን ደረጃዎች እንደ ነበሩ መተው አለ። በተሽከርካሪ ወንበር የመጣው ሰው ይገባል፣ ያዳምጣል፤ ስሙ ለንባብ ሲጠራ ግን ከታች ይቀራል። አንዳንድ ጉባኤያት እስከ ሰገነቱ የሚደርስ መወጣጫ ሠርተዋል፤ ሌሎች የንባቡን ጠረጴዛ ወደ ወለሉ አውርደው ሁሉም ከዚያው እንዲያነብ አድርገዋል።