ቀብዴን ከፍዬ የተማርኩት

እስቲ ልጠይቃችሁ! ዋጋ ሲወጣ አይታችሁ፣ «ነገ ደግሞ ይብሳል» ብላችሁ ኪሳችሁን ያራገፋችሁ አላችሁ? እኔ አለሁ። ታሪኬን ስሙና ፍረዱኝ።

የመቱ ልጅ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጓደኛዬ ለገና ከአዲስ አበባ መጥቶ ስለ አሜሪካ አክሲዮን ሲያወራኝ አመሸ። «ኦፕሽን የሚባል አለ፤ አክሲዮኑን ሳትገዛ፣ እስከተወሰነ ቀን በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብቱን ትገዛለህ። ካልወጣልህ የከፈልካት ብቻ ትቀራለች» አለኝ።

«ይሄማ የኛ ቀብድ ነው!» ብዬ ሳቅሁ።

አልተሳሳትኩም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 1885፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ትቶ ከውሉ መውጣት ይችላል ይላል። ልዩነቱ፣ ቀብድ ተቀባዩም እጥፉን መልሶ መውጣቱ ነው። ኦፕሽን የሸጠ ግን እንዲህ አያመልጥም።

መቼ ይገባል? ጓደኛዬ «ተንቀሳቃሽ አማካይ» አሳየኝ። የ5 ቀን ዋጋ 100፣ 102፣ 104፣ 106፣ 108 ቢሆን ድምሩ 520፣ አማካዩ 104 ነው። ነገ 110 ሲገባ አሮጌው 100 ይወጣል፤ አማካዩ 106 ይሆናል። የ5 ቀኑ አማካይ የ20 ቀኑን ወደ ላይ ሲያልፍ፣ ገበያው ሽቅብ ይዟል ማለት ነው።

እኔ ደግሞ ምን አለኝ? ቡና! ፈቃድ ካለው ነጋዴ አጎቴ ጋር ስለምሠራ የጀንፈል ዋጋ በየቀኑ ደብተር ላይ መጻፍ ጀመርኩ። አንድ ቀን አጭሩ አማካይ ረጅሙን አለፈ። ጮቤ ረገጥኩ! ሁሩሙ አካባቢ ላለ ባለ ቡና የ2 ሳምንት ቀብድ ሰጠሁ። ገንዘቡ የእህቴ የኮሌጅ ክፍያ ነበር።

ዋጋው 3 ቀን ወጣ። ከዚያ ቆመ። ከዚያ ወረደ። ቀኑ ደረሰ፤ ቀብዱ ቀረ። እህቴም ያን መንፈቅ ቤት ዋለች።

አጎቴ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ደብተርህ የሚያወራው ስለ ትናንት ነው፤ ቀብድህ የሚያልቀው ግን ነገ ነው» አሉኝ።

ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። አማካይ ዘግይቶ ይናገራል፤ ኦፕሽን ደግሞ ቀጠሮ አለው፤ ዋጋው ቆሞ እንኳ በየቀኑ ይሟሟል። ቡናን ተመልከቱ፦ ኒውዮርክ ላይ እ.ኤ.አ. በ1997 አንድ ፓውንድ ከ3 ዶላር በላይ ደርሶ፣ በ2001 ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ። ጫፉ ላይ ሆኖ «በቃ!» የሚል አማካይ የለም።

በስልካችሁ ለምትነግዱ ምክሬ ይህች ናት። ረጅሙ አማካይ ራሱ ሽቅብ ካልሄደ አትግቡ፤ ገበያ ወዲያ ወዲህ ሲል አማካዮቹ እየተላለፉ ያታልላሉ። ትርፍ የሚጀምረው ዋጋው የተዋዋላችሁበትንና የከፈላችሁትን ደምሮ ሲያልፍ ነው። ምልክቱ ዘግይቶ ስለሚመጣ ቀጠሮውን አርዝሙ፤ ረጅም ቀጠሮ ግን ውድ ነውና መጠኑን ቀንሱ። ከሁሉ በላይ፣ የሰው አደራ ቀብድ አይሁን!

እህቴ በኋላ ተመርቃለች። ዛሬም ደብተሬን ስታይ «ምን ይላል?» ትለኛለች። «ትናንት ጥሩ ነበር ይላል» እላታለሁ።