ያውቁ ኖሯል? ጠጅዎን ተበላሸ ብለው ከመድፋትዎ በፊት

ጠጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የጣለ ሰው ክዳኑን ገልጦ ነጭ ነገር ሲያይ ይደነግጣል። ያ ነጭ ነገር ብዙ ጊዜ ሰፈፍ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ያልተጣራ ማር ሲበጠበጥ ሰሙ ወደ ላይ ይወጣል፤ ገፈው ያውጡት። ስስና የተጨማደደ ነጭ ሽፋንም ጣዕሙን ያበላሽ እንደሆነ እንጂ አይመርዝም። ጠጉር ያበቀለ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ከሆነ ግን ሻጋታ ነው። ገፎ መጠጣት የለም፤ ማሩ ቢያሳዝንም ሙሉውን ይድፉት።

የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታስ? እርሾው ምግብ ሲያንሰው የሚያወጣው ነው፤ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል።

የአዲስ አበባ ጠጅ በቤተ ሙከራ መመርመሩን ያውቁ ኖሯል? በቀለ ባህሩ፣ ተተምኬ መሐሪና ሞገሴ አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት 200 ናሙናዎች ታይተዋል። የፒኤች መጠኑ ከ3.07 እስከ 4.90፣ አልኮሉ ከ2.7 እስከ 21.7 በመቶ ነበር። አንዱ ብርሌ ከሌላው ስምንት እጥፍ ሊያሰክር ይችላል ማለት ነው! ለጀማሪ የሚጠቅመው ግን የፒኤቹ ቁጥር ነው፤ ዝቅ ባለ መጠን መጠጡ ይኮመጥጣል፣ ለአደገኛ ባክቴሪያዎችም አይመችም። አሲዱና አልኮሉ እስኪደርሱ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው ጥንቃቄ የሚሹት። ጥንስሱ ቶሎ ከፈላ ግማሹ ስጋት ቀርቷል።

ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ መሆኑንስ? ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ስላለ ነው። ቢሆንም ጌሾውን ለመቀቀልና ዕቃ ለማጠብ ይበቃል፤ እርሾም ሻጋታም በዚህ ሙቀት ይሞታሉ። ብርዱ ግን መፍላቱን ያዘገያል። በሞቃት ቦታ በአምስት ቀን የሚደርሰው እዚህ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላልና አይቸኩሉ።

ጋን በግራዋ ታሽቶ በወይራ የሚታጠነው ለመዓዛ ብቻ አይደለም፤ ጭሱ ተሐዋስያንን ያዳክማል። ሸክላ ግን የቀደመውን ጥንስስ እርሾ በቀዳዳዎቹ ይዞ ይቆያል፤ ኮምጣጤ የሆነ ጠጅ ያደረበት ጋን ኮምጣጤውንም ያወርሳል። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ከግቢ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም የገቡ ቤተሰቦች ጋን ማጠኛ ቦታ ከየት ያመጣሉ? እንደኔ ከሆነ አፈ ሰፊ የመስታወት ዕቃ ይሻላቸዋል። በሳሙና ይታጠብ፣ በቀጠነ በረኪና ይለቅለቅ፣ ሽታው እስኪጠፋ በፈላ በቀዘቀዘ ውሃ ይታጠብ። ዘይት የነበረበት ጀሪካን ይቅር፤ ኬሚካል የነበረበትማ አይታሰብም።

ጠጅን ኮምጣጤ የሚያደርጉት ባክቴሪያዎች ያለ አየር አይሠሩም። በትንንሽ ዝንቦች እግርም ይመጣሉ፤ ስለዚህ ንጹሕ ጨርቅ አጥብቀው ይሰሩበት። ጥንስሱ ሲረጋጋ ዕቃውን ይሙሉት፤ ባዶ ቦታ ለአየር ማደሪያ ነው።

ከተሐዋስያኑ ይልቅ ጠርሙሱ ሊያቆስልዎ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? መፍላቱን ያልጨረሰ ጠጅ በመስታወት ከታሸገ ጋዙ ያፈነዳዋል። በሃይላንድ ከያዙት ሲወጠር ይታያል፤ ክዳኑን ላላ ያድርጉት።

አንድ የማይታለፍ ነገር፦ ማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም ዘር በ92 ዲግሪ ቀርቶ በ100ም አይሞትም። አዋቂን አይጎዳም፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ብርዝ አይስጡ፣ አፍልተውትም ቢሆን።